እናቴን ዓሣ ያማራት ቀን

ልጆቹ ንገሪን ስላሉኝ ነው እንጂ ዛሬስ ጉልበቴም አንደበቴም ደክሟል። ፍሎሪዳ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ውለው መጡና፣ ስኔልቪል ከተማ ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የበረዶውን ሣጥን ሲከፍቱት የጨው ውሃ ሽታ መጣብኝ።

«እማማ፣ ካፒቴኑ ፊሹ የት እንዳለ ያውቃል! አንቺ ቦት ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ የልጅ ልጄ።

አንድ ቀን ጀልባ ላይ ወጥቻለሁ፤ አሰብ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ዓሣ አማረኝ፤ የገበያ አይደለም፣ አንተው ያጠመድከውን» አለችው አባቴን። ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላልና አባቴ ፈራ። ዋና የማያውቅ ወሎዬ፣ እኔን ይዞ ከሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ከጋሽ ሳልህ ጀልባ ላይ ወጣ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባዬ አስመለሰውና ተጋደመ፤ የማጥመጃው ገመድ እኔ እጅ ቀረ።

«አባትሽ ቁርሱን ለዓሦቹ ሰጣቸው፤ ጠግበው እኛ ጋ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?» ብለው ሳቁ ጋሽ ሳልህ። ወደ ማታ አንድ ቀይ ዓሣ ሲያዝልኝ ግን «ቀስ በይ ልጄ፣ መጀመሪያ እሱ ይድከም» አሉኝ። መዳፌ ተልጦ አወጣሁት።

ቤት ስንገባ እናቴ አባዬን አቅፋ አለቀሰች። ዓሣውን አልቀመሰችም። ስለዘገየን ነው ብዬ፣ ወንድሜ ከተወለደ በኋላ ገላው ላይ ምልክት ስፈልግ ስንት ዓመት ኖርኩ።

እናቴ ልትሞት ስትል ነው የነገረችኝ፤ ዓሣ አምሯት አያውቅም። ያን ቀን ከሰፈራችን ወንዶች ለጦርነት እንደሚታፈሱ ጎረቤት ሹክ ብላት ኖሯል።