ሳሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ወንድሜ በሬዲዮ ሲያስል የሰማ ሰው የለም። እንዳይሰማ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ልጀምር። ከሌላ ቦታ ብጀምር ራሴን ደህና ሰው አስመስዬ እንዳልጽፍ እፈራለሁ።

ታላቄ ነበር። ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ሁለት ዓመት ሠራና ተወው። የተወው ለቴፕ ብሎ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ሪከርደሩን ትቶለት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልሠራም። ገበያ ለገበያ እየዞረ የሠራተኛ ሰው ድምፅ ይቀዳል። ቤት መጥቶ የማይሆነውን የቴፕ ክር በምላጭ እየቆረጠ ይጥላል፣ የሚሆነውን ያያይዛል፣ በመሐል የራሱን ንግግር በአማርኛ ያስገባል። የተያያዘውን የቴፕ ጥቅልል በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አዲስ አበባ ላለ አንድ ጣቢያ ይልካል። ጣቢያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩብ ሰዓት ሰጥቶት ነበር። ቅጥረኛቸው ግን አልነበረም። ወንበር የለው፣ ማህተም የለው፣ አለቃ እንኳ የለው።

ሶዶ ላይ ሥራ ማለት ቢሮ ነው፣ ሱቅ ነው፣ እርሻ ነው። እሱን "ነፋስ ነጋዴው" አሉት።

"ዛሬስ ስንት ጆንያ ነፋስ ሸጥክ?" ይሉታል መንገድ ላይ።

"የአንተን ትንፋሽ ብቻ አንገዛም አሉኝ፤ ይሸታል አሉ" ይላል።

ክፉ አፍ ነበረው። እኔንም አይምረኝም ነበር።

አባታችን ገሱባ ነው የሚኖረው፤ ገበሬ ነው። ልጁ የመንግሥት ወንበር ትቶ ገበያ ለገበያ ሲዞር መስማት አልቻለም። "ወደ ማስተማሩ እስኪመለስ ደጁን አልረግጥም" አለ። አባታችን አንዴ ያለውን አይመልስም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለነበር ከወንድሜ ጋር አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አባታችን በሰው እጅ ሲልክ ለእኔ ብቻ ነው የሚልከው። ቅቤም ቢሆን፣ ሰላምታም ቢሆን።

ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። ይህን ካልተናገርኩ የሰነፍ ታሪክ ይመስላል። ቀጥቃጭ ዘንድ ሲሄድ ገና እንደደረሰ አይቀዳም። ወናፉ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጭሱን ይጠጣል፣ ሰውየው መኖሩን እስኪረሳ ይጠብቃል። ከዚያ ነው ቁልፉን የሚጫነው። ቢጠና ከተማ ለአንድ ሸማኔ ሲል ሦስት ቀን ተቀምጦ የመጣው የአራት ደቂቃ ድምፅ ይዞ ነው። የራሱን ንግግር የሚቀዳው ቤት ነው፤ ክፍላችን እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ይከናነባል። ዝናብ ከመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ እስኪያባራ እንጠብቃለን። ክረምት ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግማሽ ቀን ትፈጃለች።

አንድ ጊዜ ሸክላ ሠሪ ሴት ቀዳ። ያኔ በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ የሌላ ሰው ቤት አይገባም፤ ደጅ ቆሞ ነው የሚያነጋግረው። ሴትዮዋ ድምፅዋ በሬዲዮ የሚሰማበት ቅዳሜ ከመንደሯ ድረስ በእግሯ መጣች። ወንድሜ "ግቢ" አላት፤ አልገባም አለች። ሬዲዮውን መስኮት ላይ አደረገላት። እሷ ውጭ ቆማ፣ ጎረቤቶቻችን በሩን ሞልተው ሰሙ። ሲያልቅ አንዱ ጎረቤት፣

"እንግዲህ ሸክላ ሠሪም በሬዲዮ ገባ! ቀጥሎ ውሻ ነው" አለ። ሳቁ።

ሴትዮዋ ወንድሜን አየችና "ጉድ ነው፣ ልጄ" አለችው። "ድምፄ ስንት ሰው ቤት ገብቶ ይሆን። እኔ ግን ይኸው እዚሁ ነኝ።"

ወንድሜ ሬዲዮውን ዘጋ። ዛሬ ሳስበው በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ትልቁ እሷን መቅዳቱ ነበር።

ሳሉ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የቀጥቃጩ ጭስ ነው አልን። ከዚያ ደም መጣ። ኦቶና ሆስፒታል ሄደ፤ መርምረው የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ለወራት ተኝተህ መታከም አለብህ አሉት። አልጋም አዘጋጁለት። እሱ መድኃኒቱን ይዞ ወጣ። ለወራት ከተኛ ሩብ ሰዓቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። "ይኼን ዙር ልጨርስ" አለኝ። ለመንኩት። ጎረቤት ለመነው። ይህን ሰው ጎትቶ አልጋ ላይ የሚያስተኛ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባታችን። እሱ ቢመጣና "ተኛ" ቢለው ይተኛ ነበር። ለሠላሳ ሰው እምቢ ይላል፣ ለአባቱ ፊት ለፊት እምቢ ብሎ አያውቅም። ቤት የለቀቀውም አባታችን ገበያ በሄደበት ቀን ነው።

በዚያው ሰሞን ጣቢያው ሁለት ጥቅልል መለሰ። ደብዳቤ ነበረው። "በንግግርዎ መካከል የሚሰማው ሳል ለአድማጭ የማይመች ስለሆነ" ይላል፤ ሦስተኛው እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን ለሌላ እንደሚሰጡ ይጨምራል። ከታች "ጤና ይስጥልን" ብለው ፈርመዋል። ወንድሜ ያችን መስመር ደጋግሞ እያነበበ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ምላጩን ለእኔ ሰጠኝ። "አሥር ዓመት ተምረህ መስመር ማስመር ብቻ ነው የቻልከው። ይኸው ዛሬ ጠቀመህ" አለኝ።

አስተማረኝ። ክሩን በእጅ ወደፊት ወደኋላ እየሳቡ ሳሉ የት እንደሚጀምር በጆሮ መፈለግ ነው። ቀስ ተብሎ ሲሳብ ሳል የበሬ ጩኸት ይመስላል። መጀመሪያ ቀን ሁለታችንም ሳቅን። ቦታው ሲገኝ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል፣ ሰያፍ ይቆረጣል፣ በፕላስተር ይያያዛል። ዝም ብሎ መቁረጥ ግን አይበቃም። ሳል ከወጣ በኋላ ንግግሩ ይጣደፋል፤ ሰሚው ያውቃል። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ማንም ያልተናገረበትን፣ ባዶ ክፍሉ ብቻ የሚሰማበትን ክር ቆርጬ በሳሉ ቦታ አስገባለሁ። ትንፋሽ የሚስብ ሰው ይመስላል። ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሱ ሰማና "አሁን ሰው ሆንክ" አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ወንድሜ እየሞተ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ጥቅልል አልተመለሰም። አራተኛውም። አምስተኛውን ስሠራ በአንድ ገጽ ንግግር ውስጥ ያለው ሳል ከንግግሩ ይበልጥ ነበር።

ተነሥቼ ገሱባ ሄድኩ። አባታችንን ያገኘሁት አንድ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ነው፤ በአካባቢው ሬዲዮ ያለው ነጋዴው ብቻ ነበር። ልጁን አኩርፎ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ተቀምጦ እንደሚሰማው ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

"አባባ፣ ታሟል። ደም ይተፋል። ሆስፒታል ተኛ ቢሉት እምቢ አለ። አንተ ካልመጣህ አይተኛም" አልኩት።

"ማን? እሱ?" አለ። "ያለፈው ቅዳሜ ሰምቼው የለም እንዴ? ድምፁ ከድሮውም ጠርቷል። እያንዳንዷን ቃል እያረፈ ነው የሚናገራት።"

ነጋዴው ሳቀብኝ። "የቤት ኪራይ ሰልችቶህ ነው፤ አስታርቀህ ልትገላገል ነው አይደል?"

"የታመመ ሰው ድምፅ ይታወቃል" አለ አባታችን። "በሚመጣው ቅዳሜ እሰማዋለሁ። ከታመመ እሰማዋለሁ፤ ያኔ እመጣለሁ።"

ያን ጊዜ ስለ ምላጩ ልነግረው እችል ነበር። ወንድሜ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ሰው ከሰማ ሬዲዮው ሁሉ ውሸት ነው ይላል ብሎ። እኔም መሐላዬን ጠበቅኩ። ሌላ መላ አሰብኩ። ቤት ስመለስ ጥቅልሉን አዘጋጀሁና መሐል ላይ አንዲት ሳል ተውኩ። ረጅሟን። አባታችን ከሰማት የሚመጣባትን።

ወንድሜ ጥቅልሉ ከመታሸጉ በፊት ሁልጊዜ ይሰማዋል። ተኝቶ ሰማ። እዚያ ቦታ ሲደርስ ዓይኑን ገለጠ።

"ይኼ ምንድነው?"

"ረስቼው ነው።"

"አንተ አትረሳም። ለማን ብለህ ነው?"

"አባባ እንዲሰማው። ከታመመ እመጣለሁ ብሏል።"

በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ከዚያ "ቅዳሜ ይሰማኛል?" አለ።

"በየቅዳሜው።"

ፊቱ ላይ ያየሁትን መጻፍ አልችልም። ደስታ ነበር፤ ክፉ ደስታ።

"ሳሌን ሰምቶ ከሚመጣ ሥራዬን ሰምቶ ቢቀር ይሻለኛል" አለ። "ቁረጠው።"

አልቆርጥም አልኩ። ከአልጋው ወረደ። ምላጩን በሚንቀጠቀጥ እጁ አነሣ። እሱ ከቆረጠው ንግግሩን አብሮ ያበላሸዋል፣ ጥቅልሉ ይመለሳል፣ ሰዓቱንም የአባቱንም ጆሮ ያጣል። ተቀበልኩት። አጠገቤ ቆሞ እያየኝ ቆረጥኩ። ባዶ ክፍል አስገባሁበት። ከሠራኋቸው ሁሉ ያ ነው የተዋጣልኝ፤ መገጣጠሚያውን እኔ ራሴ በጆሮዬ አጣሁት።

ቅዳሜ ተላለፈ። አባታችን ሰማ፤ አልመጣም። ወንድሜ በተከታዩ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሞተ፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።

ለቅሶው ላይ አባታችን መጣ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ በእጁ እኔን አሳየ። "ቅዳሜ ጤነኛ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ገሱባ ሁሉ ሰምቷል። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ምን አደረግኸው? ውኃ እንኳ ያቀበልከው የለም!" አለ። ሳሉን እኔ ነኝ የቆረጥኩት ብዬ ጮኽኩ። "የሰው ሳል በምላጭ ይቆረጣል?" አለ። ለቅሶ ላይ የሳቀ ሰው ነበር። ሴቶቹ ኀዘን አእምሮውን ነካው ብለው ጎትተው አስቀመጡኝ።

ከዚያ በኋላ ለሚያገኘው ሁሉ ይህንኑ ተናገረ። "ትንሹ ልጄ ትልቁን በቸልታ ገደለብኝ" እያለ። እየተናገረ ይበላ ነበር፣ ይተኛ ነበር፣ እርሻውን ያርስ ነበር። እኔ ግን አልቻልኩም። ከወር በኋላ ቴፑን ተሸክሜ ገሱባ ሄድኩ። "ስለ በቆሎህ ንገረኝ፤ መሐል ላይ ሳል" አልኩት። እያሾፈ ተናገረ፣ ሳለ። ዓይኑ እያየ ቆረጥኩ፣ አያያዝኩ፣ አሰማሁት።

በቆሎው ያለ ሳል ወጣ። ድገመው አለኝ። ደገምኩት።

"ያን ቅዳሜ ስንት ቆረጥክ?"

"አልቆጠርኩም" አልኩት። ቆጥሬ ነበር።

እኔ ነፃ ለመውጣት ነበር የሄድኩት፤ ወጣሁም። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን እሱም በልጁ ሞት የሚወቅሰው ሰው፣ እኔ፣ ነበረው። ያን ወሰድኩበት። "መጥተህ ነግረኸኛል ለካ" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመሬቱ።

አሁን አይሰድበኝም። በዚያ ነጋዴ ሱቅ ደጅ እንዳያልፍ በሌላ መንገድ ይዞራል። ገሱባ ስሄድ ከመቀመጫው ይነሣና ለእኔ ይለቅልኛል፤ እሱ በር አጠገብ ቆሞ መንገዱ እንዴት እንደነበር ይጠይቀኛል። ተቀመጥ ስለው፣ "አይ፣ አንተ የሩቅ መንገደኛ ነህ" ይለኛል።