«ሙሉ ነው» አልኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከፊታቸው እንበረከክና ሰው አማሁ፣ ጎረቤቴን ተሳደብኩ፣ ጾም ገደፍኩ እያልኩ ትንንሹን እዘረዝራለሁ፤ ትልቁን ግን ይዤው እመለሳለሁ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል። ያልነገርኳቸውን እንዴት አድርገው ይፍቱልኝ? ዛሬ ለእናንተ ልናገረው ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል መሰለኝ። ሰው አስገድያለሁ። ዱላ አልያዝኩም፣ ድንጋይ አላነሳሁም። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዓረብኛ አፌን ከፈትኩ፣ በቃ።

ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ መተማ ዮሐንስ ላይ እትየ ባንቺ ይሉኛል። ባሌ በወባ ሲሞት አንዲት ነጭ ፒክአፕ ትቶልኝ ነበር፤ እሷን እያከራየሁ ነው የምኖረው። ልጅ የለኝም። ልጆቼን ላበላ ብዬ ነው እንዳልል እንኳ አልታደልኩም። ሱዳን እንዲህ ሳትታመስ በፊት፣ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ገዳሪፍ ደርሶ መመለስ ገበያ ወጥቶ እንደ መግባት በሚታይበት ጊዜ፣ መኪናዬ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ዋጋ ሲጠይቁኝ እንደ ደግ ሴት ዝቅ አደርግላቸዋለሁ። ጥፍሬን የማወጣው መኪናዋ ስትመለስ ነው። የእጥበት እላለሁ። ጎማው ተበልቷል እላለሁ። ትንሽ ካረፈዱማ «የቆመበት» የምትባል አለችኝ፤ መኪናዋ በቆመችበት ሰዓት ሌላ ሰው ይከራያት ነበር ማለቴ ነው። ሲጨቃጨቁኝ እጮሃለሁ። ሴት ስትጮህ ገበያው ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ወንዱ አፍሮ ይከፍላል። ይህን ሁሉ ብልጠት ነው ብዬ ነበር የምኖረው።

ይበልጣል የጎጃም ሰው ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚሁ ቆላው ላይ የቀረ፣ ሽንፋ አካባቢ አንድ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ፣ ድምፁ ከሰውነቱ ያነሰ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ደጄ ላይ ቆመ። ታላቅ ወንድሙ አለኸኝ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ዶካ አጠገብ የማሽላ እርሻ ላይ ሲሠራ ትኩሳት ጥሎታል። በሰው አፍ ልኮበት፣ ቶሎ ካልደረስክልኝ አታገኘኝም ብሎታል። ተቀምጦ መጓዝ ስለማይችል አስተኝታ የምታመጣው መኪና ነበር የሚፈልገው።

«ኸሱ ሌላ ወንድም የለኝም፣ እትየ» አለኝ።

ዋጋውን ሳይከራከር ተስማማ። የመያዣ ገንዘብም ሰጠኝ። ከዚያ፣ ከተከራዮቼ ሁሉ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

«ኢንሹራንሷ ወዲያ ማዶም ይሠራል ወይ?»

እውነቱን አውቀው ነበር። የኛ አገር ኢንሹራንስ ድልድዩ ላይ ያልቃል። ማዶ የሚሠራው ቢጫ ካርድ የሚባለው ነው፤ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ለብቻው ይወጣል። እሱን የያዘ ሰው ማዶ ቢገጭ ፖሊሱ ካርዱን አይቶ ይመዘግባል፣ የተጎዳውን ኢንሹራንሱ ይክሳል፣ ነጂውም ወደ አገሩ ይመለሳል። ካርድ የሌለው ሰው ግን ከተቆጡ ዘመዶች ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። የካርዱን ገንዘብ ከይበልጣል ተቀበልኩ። ካርዱን ግን አላወጣሁም። ደርሶ መልስ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ ገንዘቡን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት።

«ሙሉ ነው» አልኩት። «ወዲህም ሙሉ ነው፣ ወዲያም ሙሉ ነው።»

«ሦስተኛ ወገን የሚሉትስ?»

«ያንተም የኔም ያልሆነ፣ መንገድ ላይ የሚገጭ ሰው ነው። እሱም አለበት።»

ሳቀ። «ኧረ ደግ ነው! ለተገጨ ሰውም ወገን አለው በሉኛ!»

ገብቶ መሪውን ያዘና እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ኪስ ሰደደ፤ ካርዱን በዓይኑ ሊያይ ነው። ማየቱ ነውር አልነበረም። የሚነዳው እሱ፣ የከፈለው እሱ ነው። እኔ ግን የተቀየመች እናት መሰልኩ።

«ምነው ይበልጣል? አላመንከኝም?»

እጁ መሃል ላይ ቀረ። አፈረ። «ኧረ እንዴት ብዬ፣ እትየ! ይቅር ይበሉኝ» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው፤ ይህን ያዙልኝ። ኪሱን ቢከፍተው ኖሮ ከአሮጌ ጨርቅና ከአንድ መፍቻ በቀር ምንም አያገኝም ነበር። ወርዶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎኝ፣ ሰድቦኝ ይሄድ ነበር። ይሉኝታ ያዘው። ይሉኝታውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

በነጋታው ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሬ በመኪናዋ በር ላይ ተጽፏል። የደወለው የማዶው ትራፊክ ፖሊስ ነው። ይበልጣል ወንድሙን ጭኖ ሲመለስ፣ ጋላባት መግቢያ ላይ፣ ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ፣ አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ድንገት ገብተውበት ገጫቸው። ሽማግሌው አልሞቱም፤ እግራቸው ነው የተሰበረው። ባለቤቷ ትምጣ ተባለ። ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ።

ይበልጣል ራኩባ ከምንለው የሣር ጥላ ሥር ተቀምጧል። በእጁ የውሃ ጣሳ ይዟል። የሽማግሌው ዘመዶች ዱላቸውን ተደግፈው ዙሪያውን ቆመዋል፤ ተቆጥተዋል፣ ግን አልነኩትም። ውሃውን የሰጡትም እነሱ ናቸው። ካሳ ነበር የሚጠብቁት። መኪናዬ ከጎን ቆማለች፤ ከኋላዋ ላይ አለኸኝ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ይበልጣል ካርዱን ከዳሽቦርዱ ኪስ ሲያጣው እኔ ዘንድ የተረሳ መስሎታል። ገና ሲያየኝ ብድግ አለና ፊቱ በራ።

«ይኸው መጡ! ካርዱ ኸሳቸው ዘንድ ነው» አለ ለፖሊሱ፣ በአማርኛ። ዓረብኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር።

ፖሊሱ በዓረብኛ ጠየቀኝ። መኪናዋ ያንቺ ናት? አዎ አልኩ። ቢጫ ካርድ አላት? ራሴን ወዘወዝኩ። እንግዲያው ካሳው ባንቺ ላይ ነው፣ እስክትከፍይም መኪናዋ እዚህ ትቆማለች አለኝ። መኪናዬን አየኋት። ባሌን አላሰብኩም፣ እግዜርን አላሰብኩም። የቆመችበትን ማን ይከፍለኛል ነበር ያልኩት በልቤ። ፖሊሱ ቀጠለ፤ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ? አከራይተሽው ነው?

«አላውቀውም» አልኩ በዓረብኛ። «ሐራሚ ነው።»

ሐራሚ ሌባ ማለት ነው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ የገበያ ጩኸቴን አውጥቼ። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ አፍ አላመለጠም። ቃሏን መረጥኳት፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጌ ላክኋት። ሌባ ከሆነ መኪናዬ ትመለሳለች፣ ካሳውም በሌባው ላይ ነው። ይህን ሁሉ በቆምኩበት አስቤዋለሁ። ሽማግሌውን የገጨው ወንድሙን የጫነ ምስኪን መሆኑ ቀርቶ፣ መኪና ሰርቆ የሚሸሽ ሌባ እንደሚሆንባቸው አላወቅሁም ልበል? አውቄያለሁ።

የመጀመሪያዋ ዱላ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈች። ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ነው የተመታው። ጣሳው ወደቀ። ከዚያ ማሽላ እንደሚወቃ ወቁት። ፖሊሱ ብቻውን ነበር፤ እጁን ዘርግቶ መሃል ገባ፣ ገፍትረው ጣሉት። ይበልጣል ራሱን በእጁ ሸፈነ። ጣቶቹን መቷቸው፣ እጁ ወረደ፤ ራሱን መቱት። አንዱ ድንጋይ ይዞ መጣ። አጥንት ሲሰበር ምን እንደሚል ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

«እትየ ባንቺ! ኧረ ይንገሯቸው! ይንገሯቸው!» ይል ነበር።

ምን እንደነገርኳቸው አላወቀም። እንዳድነው ነበር የሚለምነኝ። የምታድነውም አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተከራዬ ነው» ማለት። አፌ ደርቆ ነው ልበላችሁ? አልደረቀም። በዚያው አፌ «መኪናዋን እንዳትነኩብኝ!» ብዬ ጮኼአለሁ። ይህንንም እወቁት።

አለኸኝ ከመኪናዋ ላይ ተነሳ። ብዙ ክረምት ሱዳን ሠርቷል፣ ዓረብኛ ይችላል፣ ያልኩትን ሰምቷል። «ወንድሜ ነው! ሌባ አይደለም!» እያለ በቋንቋቸው ጮኸ፤ ትኩሳቱ ድምፁን ጨርሶት ማንም አልሰማውም። ልውረድ ሲል በግንባሩ ተደፋ። በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ወንድሙ ላይ ተኛበት። ያኔ ነው ዱላው የቆመው። ሰዎቹ ያደረጉትን አዩና አንድ በአንድ ተበተኑ። ሰው ገድሎ ካሳ የሚጠይቅ የለምና እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ጴጥሮስ ሦስቴ ክዶ፣ ዶሮው ሲጮህ ወጥቶ አለቀሰ። እኔ ቁልፌን ከፖሊሱ ተቀብዬ የሚነዳልኝ ሰው ፈለግሁ። ይበልጣልን ጭነን ድልድዩን ስንሻገር ነፍሱ ወጥታ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደንግጬ ነው፣ ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። አላለቀም።

ሬሳውን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን አደረሱትና፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አለኸኝ ግድግዳ እየተደገፈ ግቢዬ ገባ።

«እትየ፣ ወንድሜ ያስያዘው መያዣ ነበር። አገሩ ወስጄ ልቀብረው ነው» አለኝ።

ሁሉን የሚያውቅ ሰው እትየ አለኝ። እግሩ ላይ መውደቅ እችል ነበር። መኪናዋን ራሷን፣ በላት ብዬ መስጠት እችል ነበር። ምን አልኩት?

«መኪናዋ ቆሽሻለች» አልኩት። «የእጥበቱ ይቀነሳል።»

ማን አስፈራራኝ? ማን ዱላ ይዞብኝ ነበር? ልማድ ነው እንዳልል፣ እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አለኸኝ ትክ ብሎ አየኝ። ሊመታኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። ምነው በመታኝ።

«እኔው አጥባለሁ» አለ።

ባልዲዬን አነሳ። በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ከመኪናዋ ኋላ ላይ ወጣ፣ ተንበርክኮ የወንድሙን ደም በእጁ እየፈገፈገ አጠበ። ውሃው ቀልቶ ወደ ግቢዬ ወረደ፤ ደግሞ ቀዳ፣ ደግሞ አፈሰሰ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አያለሁ። ጥጉ ላይ ትንሽ ቀርታ ነበር።

«እዚያ ጋ ቀርቷል» አልኩት። በጣቴ አሳየሁት።

ዞሮ አጠበው። ሲጨርስ መያዣውን ሰጠሁት፤ «የቆመበት»ን ቀንሼ። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። አልረገመኝም። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ዞር አለ።

«መንገዱን ሙሉ ‹አይዞህ፣ ኢንሹራንሷ ሙሉ ነው› ይለኝ ነበር» አለኝና ሄደ።

መኪናዋን ዛሬም አከራያለሁ። ተከራይ ሲመጣ የዳሽቦርዱን ኪስ ራሴ ከፍቼ ኢንሹራንሱ የት ላይ እንደሚያልቅ አሳየዋለሁ፤ የምጨምረውንም ሁሉ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ሌላ ሰው ሆንሽ ይሉኛል። እናንተም ሰው አገር መኪና ይዛችሁ የምትሻገሩ ከሆነ፣ «ሙሉ ነው» ሲሏችሁ ኪሱን ክፈቱ። የሚቀየም ይቀየም። ይህን የምላችሁ ሥርየት ይሆነኛል ብዬ አይደለም። አለኸኝ ጎጃም የሚኖርበትን ቀበሌ አውቀዋለሁ። ወደዚያ የሚያደርሰኝ አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት ከሸሕዲ መናኸሪያ ይነሳል። እስካሁን አልተሳፈርኩም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ይቅርታ የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይበልጣል ነው፣ እጁን ከዳሽቦርዱ ኪስ ሲመልስ።