የመስቱራ ግቢ አጥር

ሰሊጡ ተጭኖ ካለቀ በኋላ እስከሚቀጥለው አጨዳ ድረስ የሐጂ ኸሊል መጋዘን ባዶውን ነው የሚከርመው። በገንዳ ውሃ ከተማ «ማስተር» ሲባል የሚታወቀው ጀምበሩ በዚያ መጋዘን፣ ሰሊጥ የሚራገፍበትን ሸራ አንጥፎ ቴኳንዶ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው አረም ሲያርሙ ይውሉና አመሻሽ ላይ እግር ሊያነሱ ይመጣሉ። ወገባቸው እንደ ደረቅ ጠፍር ነው። የጀምበሩ መላ ደግሞ አንዲት ነበረች፤ ተማሪውን እግሩን አስከፍቶ ያስቀምጥና ጀርባው ላይ ይጫነዋል። የጮኸ ሰነፍ ነው። እሱም የተማረው እንዲያ እየተጫኑት ነው።

አንድ ቀን መስቱራ ወንድሟን ዑበይዳን ልትጠራ መጣች። መስቱራ ካርቱም ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ቶብ የሚባለውን የሱዳን ሴቶች ልብስና ሽቶ የምትሸጥ ሴት ናት። አሠሪዋ የነበረችው ህንዳዊት ጠዋት ጠዋት ዮጋ ስትሠራ እሷንም አለማምዳታለች። ጀምበሩ ዑበይዳ ላይ ተጭኖ ሲያስቃስተው አየችና አላስቻላትም።

«ማስተር፣ አይጫኑት። ትንፋሹን ይዞታል እኮ። ትንፋሽ ካልወጣ ጅማት አይፈታም» አለች።

ጀምበሩ ቀና አለ። ሠላሳ ሰው እያየው ነው። «አንቺ ሽቶሽን ሽጪ» አላት። «ይሄ የወንድ ሥራ ነው። ተጋድሞ መተንፈሱንማ ድመትም ያውቅበታል።» መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ዑበይዳ አልሳቀም።

እናንተዬ፣ አፍ ሲያመልጥ ምን አለበት! ወር ሳይሞላ የጀምበሩ የራሱ ጭን ተያዘ። ከራስ በላይ ይወጣ የነበረው እግር ወገብ ላይ ይቀር ጀመር። ጳጉሜን ላይ ደግሞ ጎንደር የጥቁር ቀበቶ ሦስተኛ ደረጃ፣ የሦስተኛ ዳን፣ ፈተና አለበት፤ እዚያ ከወደቀ ማስተማሩም፣ «ማስተር» መባሉም አበቃ። ወጌሻ አሸው፤ ጭራሽ ባሰበት።

ቢቸግረው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከመስቱራ ሱቅ ጀርባ ያለውን ግቢ አንኳኳ። ይቅርታ መጠየቁ እንኳ አልሆነለትም፤ «እግሬ...» ብሎ ቀረ። እሷም አላስጨነቀችውም። ባዕድ ወንድና ሴት በር ዘግተው አይቀመጡምና ምንጣፉን ግቢው መሀል አነጠፈች፣ ዑበይዳንም አጠገባቸው አስቀመጠችው። አጥሩ ከሰው ቁመት ያለፈ የሽመል አጥር ነው። ጀምበሩ ዙሪያውን አይቶ ልቡ ረጋ።

«በሽዌሽ» ትለዋለች፤ ቀስ ይበሉ ማለቷ ነው። «አይታገሉት። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሲያስወጡ ይውረዱ፣ ሲያስገቡ ይቁሙ።»

ያ የተናቀ ትንፋሽ እግሩን ቀን በቀን፣ ጣት በጣት አላላለት። በአንድ እግር ቆሞ መቆየትም ተማረ፤ ለካ ምቱን ሲያበላሽበት የኖረው የሚሰነዝረው እግር ሳይሆን የቆመበት ነው። ሲፋለም ቶሎ የሚፈላው ደሙ እንኳ ረገበለት። ውጭ፣ አራሚዎቹን ወደ እርሻ የሚወስደው ትራክተር ዘወትር በዚያ ሰዓት ተሳቢውን እያንኳኳ ያልፋል። ጀምበሩ ዓይኑን እንደጨፈነ ድምፁን ይሰማል።

ጎንደር ሄዶ ፈተናውን አለፈ። ተመልሶ መጋዘን ሲገባ ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። መስቱራም ከዑበይዳ ጋር በሩ ላይ ቆማለች። የተማሪዎቹ አንጋፋ ሰማኸኝ ተነሣና፣ «ማስተር፣ ያ እግር እንዴት ተፈታ? ማን አስተማረዎት?» አለ።

ጀምበሩ መስቱራን አየ። ሠላሳውን ሰው አየ። «ጎንደር አንድ የውጭ አገር ማስተር አግኝቼ ነው» አለ።

ሰማኸኝ አቀርቅሮ ተቀመጠ። መስቱራ ቶቧን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች። ዑበይዳ ቀበቶውን ፈታ፣ አጣጠፈ፣ ሸራው ጥግ ላይ አስቀመጠና ተከተላት።

ከዚያ ወዲያ ለጀምበሩ እህልም እንቅልፍም አልሆነለት። ነገ እነግራቸዋለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ አፉ ይያዛል። በሱቋ ላለማለፍ በመናኸሪያ በኩል ዞሮ ይሄዳል። በሳምንቱ ገበያ መሀል ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ትሰድበኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ «እግርዎስ ደህና ነው?» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ላብ እስኪያጠምቀው አፈረ።

ያን ዕለት ተማሪዎቹን ሸራው ላይ አስቀመጣቸው። «ዋሽቻችኋለሁ» አለ። «እግሬን የፈታችልኝ መስቱራ ናት። ያዋረድኳትም እናንተ ፊት ነው፣ የካድኳትም እናንተ ፊት ነው።»

ማንም አልደነገጠም። ሰማኸኝ መሬት መሬት እያየ፣ «ማስተር፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለ። «ተሳቢው ላይ ቆመን ስናልፍ አጥሩ ወገባችን ላይ አይደርስም። ክረምቱን ሙሉ ስናይዎት ነበር። ያን ቀን የጠየቅሁዎት፣ እሷ ባለችበት ያመሰግኗት ብዬ ነው።»

ጀምበሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የዑበይዳ ቀበቶ እንደታጠፈ ጥግ ላይ ነበር። አነሣውና፣ ሠላሳው ሰው እያየው፣ በዋናው መንገድ ወደ መስቱራ ሱቅ ሄደ።