ከእትዬ ጋር ያሳደግናቸው ጥንቸሎች

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ሴቶች የምንታሰርበት ክፍል ቀድሞ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽንኩርቱ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ከግድግዳው አልለቀቀም። የናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ዓይን ይቆጠቁጣል። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ሴት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝና፣ "እዚህ ማልቀስ አያሳፍርም። ሽንኩርቱ ነው እንላለን" አሉኝ።

የያዙኝ ከሥራ ቦታዬ ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው "ለጥያቄ ነው፣ አሁኑኑ ትመለሻለሽ" አሉኝ፤ የጎማ ቦት ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተከተልኳቸው። የሚፈልጉት ተማሪ የነበረውን ታናሽ ወንድሜን ነው። የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ፤ አላውቅም አልኩ። ከዚያ ለጊዜው ተዉኝ።

ቦታ የሰጡኝ ሴት የመቂ ቲማቲም ነጋዴ ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ እንደ አገሩ ሰው ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ አንዴ "ኢንተለኮ"፣ አንዴ "ልጄ" ይሉኛል። ስንቅ የሚያመጣልኝ ሰው ስላልነበረ ከሳህናቸው አበሉኝ። እግሬ እስኪድን ሽንት ቤት ደግፈው የሚወስዱኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ወንድ ልጃቸው እዚያው ግቢ በወንዶቹ በኩል ታስሮ ነበር።

ግቢው ከመወረሱ በፊት የአንድ ጣሊያናዊ ነበር። ሰውየው ሲሄድ ከጓሮ በሽቦ የተሠራ የጥንቸል ቤት ከነጥንቸሎቹ ትቶ ሄደ። ጠባቂዎቹ የማይበላ ሥጋ ነው ብለው አይጠጓቸውም። የእስር ቤቱ ኃላፊ ግን ለውጭ አገር አማካሪዎች ግብዣ ይፈልጋቸው ነበር። አንዷ ጥንቸል ወልዳ ስትሞት አስጠራኝ።

"የከብት ሐኪም ነሽ አሉ።"

"ረዳት ነኝ።"

"እነዚህ እንዳይሞቱ።"

ብቻዬን አልችልም፣ እትዬ ያግዙኝ አልኩት። ትንሽ አሰበና ፈቀደ።

ልጆቹ ጣት የሚያህሉ፣ ፀጉር ያላወጡ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ነበሩ። ደግነቱ አንዲት ግራጫ ጥንቸል በዚያው ሰሞን ወልዳ ነበር። ጥንቸል የልጇን ጠረን ታውቃለች። ግራጫዋ ሣር ልትበላ ከጎጆዋ ስትወጣ ጠብቀን፣ ከገላዋ ላይ ነጭታ ባነጠፈችው ፀጉር እናት የሌላቸውን አሻሸናቸውና ከልጆቿ መሃል ከተትናቸው።

"እንዲህ በቀላሉ ትታለላለች?" አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

"ጠረናቸው የልጆቿን ከመሰለ ትቀበላቸዋለች።"

"ምስኪን!"

ግራጫዋ ተመለሰች። አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች። ከዚያ እግሮቿን ዘርጋ አድርጋ ቆመችላቸው፤ ሁሉም ተንጋለው ይጠቡ ጀመር። እትዬ እጄን ጨበጡኝ። ከታሰርኩ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እያነሳን ሆዳቸው መሙላቱን እናያለን። አንዱ ብቻ ሞተ። የሌሎቹ ዓይን መገለጥ በጀመረ ሰሞን እትዬ ሣር እየበተኑ፣ "ልፈታ ነው" አሉኝ።

"ማን አለ?"

"ኃላፊው ጠርቶ ነገረኝ። ኢንተለኮ፣ ወንድምሽን ሳያገኙት አይተዉም። ሽሽ የሚለው ሰው የለውም? መልእክት ካለሽ በልቤ ይዤልሽ ልውጣ።"

ግራና ቀኝ አየሁ። ላንጋኖ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ልብስ አጣቢ ሆኖ መቀጠሩን ነገርኳቸው። የተቀጠረበትን የውሸት ስምም ነገርኳቸው። "ወደ ሞያሌ ይውረድ በሉልኝ።"

"እሺ" አሉ። "እሺ ልጄ።" በእጃቸው የያዟትን ትንሽ ጥንቸል ሳያወርዱ ብዙ ቆዩ።

እትዬ አልተፈቱም። ከጥቂት ቀን በኋላ ውሃ ስቀዳ ላንድሮቨር ገባ። ወንድሜን አወረዱት። እጁ የፊጥኝ ታስሯል፤ ሱሪው ልብስ ሲያጥብ እንደነበረ እስከ ጉልበቱ እንደተጠቀለለ ነው። አየኝ። ወዲያው እንደማያውቀኝ ሰው ፊቱን አዞረ።

ዘወር ስል እትዬ ከጥንቸሉ ቤት ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

"ኃላፊው ልጅሽን እፈታልሻለሁ ብሎኝ ነው" አሉ። "አልፈታውም። ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ይዘሽ ነይ አለኝ።"

ያጎረሱኝን እጆች አየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠራኝ።

"ከወንድምሽ ጋር ላገናኝሽ እችላለሁ። ሴቶቹ የሚያወሩትን ብቻ ታመጪልኛለሽ። አሮጊቷን ከእንግዲህ የሚያምናት የለም።"

"ጥንቸል ጠብቂ ብለውኛል፤ እጠብቃለሁ" አልኩት። "ሰው መጠበቅ የእናንተ ሥራ ነው።"

በጥፊ መታኝ። ከፈራሁት ያነሰ ነበር።

ክፍላችን ስመለስ ሴቶቹ ከበቡኝ። "ማን ጠቆመው?" አለች አንዷ። እዚያ ክፍል ጆሮ ጠቢ የተባለች ሴት ብርድ ልብስ ተጥሎባት ስትቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

"አላውቅም" አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሳህናቸው አልበላሁም። እትዬ ማለቱንም ተውኩ። እርስዎ ማለቱን ግን አልተውኩም። ጠዋት ጠዋት ጥንቸሎቹን አብረን እየቀለብን ሳንነጋገር እንመለሳለን። ጥንቸሎቹ አደጉ። ግብዣው ሲደርስ ወሰዷቸው፤ ግራጫዋ ብቻ ቀረች።

ወንድሜን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። በዚያው ቀረ።

እኔ ተፈታሁ፤ ደርግም ወደቀ፤ ዕድሜም ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እትዬ ማረፋቸውን ሰማሁና መቂ ለቅሶ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አሁንም በደንብ አላውቅም። ልጃቸው ከድንኳኑ በር ተቀበለኝ። እሱ በመጨረሻ ተፈቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል።

"እናቴን የት ነው የሚያውቋት?"

"አብረን ታስረን ነበር።"

ከጎኔ ተቀመጠ። "ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አውርታኝ አታውቅም። እንዴት ነበረች?"

ለቀስተኛው የምንለውን ይሰማል። የወንድሜ እኩያ ነው፤ ዓይኑም የእናቱ ነው።

"ወባ ይዞኝ ነበር" አልኩት። "ነጠላቸውን ቀደው እያረጠቡ ግንባሬ ላይ ያደርጉልኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም።"

እጆቼን ይዞ አለቀሰ። የነገርኩት እውነት ነው፤ አስታመውኛል። ሌላውን ግን ለራሴ ያዝኩት። ይቅር ብያቸው አይደለም፤ እስከ ዛሬም አላልኩም። እሱ እናቱን በወጉ ቀብሮ ሐዘን ተቀምጧል። እኔ ወንድሜን የቀበሩበትን እንኳ አላውቅም።