ያዘነበሉት ቀሚሶች

የሰፈሩ ሴቶች «ባለመስኮቷ» ይሏታል። ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ግንባሯን ስሞ ይወጣና በሩን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። በተጋቡ ሰሞን ጎረቤት ቤት ሌባ ገብቶ ነበር። ሌባው ተያዘ፤ በሩ ግን እንደተቆለፈ ቀረ። ባሏ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጨርቁንም ክሩንም አትክልቱንም ተሸክሞ የሚያመጣው እሱ ነው፤ «አንቺ ምን በወጣሽ!» ይላታል። አልፎ አልፎ ማታ ማታ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ መንገዱን የሚያየው እሱ ነው፤ እሷ ክንዱን ይዛ ወሬዋን ታወራለች።

ደንበኞቿን የምትለካው በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ነው። ለደረትና ለወገብ እጇ ይደርሳል። ለርዝመቱ ሜትሩን ወደ ታች ትለቀዋለች፤ ሴትዮዋ ጫፉን በእግሯ ትረግጥላታለች፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ቁጥሮቹ ተስማምተው አያውቁም። የሰው ሁሉ አንድ እግሩ አጠር ይላል ብላ ታምን ነበር፣ የዋሂት!

የጎረቤቷ የሻይ ሻጯ ልጅ ልታገባ ሆነ። ሕፃን ሳለች ባለመስኮቷ በፍርግርጉ መሀል እጇን የጨበጠቻት ልጅ ናት። ሜትሩን እንደረገጠች ፈራ ተባ እያለች፣

«እትዬ፣ የእኔን እንኳ ቀጥ አድርጊልኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«ታቹን። አንቺ የሰፋሽው ቀሚስ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እንዳይከፋሽ ብለው ነው ዝም ያሉት። ደጅሽ እኮ ቁልቁለት ነው!»

ባለመስኮቷን ከቀሚሶቹ ይልቅ ያንገበገባት የገዛ ደጇን አለማወቋ ነው።

ማታ ባሏ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ቁልፉን ስጠኝ» አለችው። «ሙሽራዋን ነገ በብርሃን፣ ውጭ አቁሜ ነው የምለካት።»

«ማታ ትምጣና እዚሁ ለኪያት። ሌባ...»

«ተው እንጂ! የቱ ሌባ?»

ትልቁ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። «ስመለስ ባላገኝሽስ ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

አንጀቷን በላት። ይወዳታል፤ ትወደዋለችም። የዘረጋችውን እጇን ግን አላጠፈችም። «ታገኘኛለህ። ምናልባት ደጅ ላይ።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። እንደ ሞቀ ነበር።

በነጋታው በሩን ከፍታ ወጣች። ለሙሽራዋ ደልዳላ ቦታ ፈልጋ ተንበረከከችና ታቹን ዙሪያውን በስፒል ያዘች። ሻይ ሻጯ ብቅ አለች፣ አረንጓዴ ቀሚሷ እንደ ጠመመ።

«ነይ አንቺ፣ ላስተካክልልሽ!»

«እንዳትነኪብኝ!» አለች ሻይ ሻጯ። ሄዳ ከመስኮቱ ሥር፣ ሁልጊዜ የምትለካበት ቦታ ላይ ቆመች። «ይኸው፣ እዚህ ደጅሽ ላይ ቀጥ ይላል።»

እውነትም ቀጥ አለ። ባለመስኮቷ ከሳቋ መሀል ዓይኗ በፍርግርጉ አይታው ወደማታውቀው የሴትዮዋ እግር ወረደ። ሻይ ሻጯ ጫፉ የተቀደደ የወንድ ጫማ አድርጋለች።

«እህቴ» አለቻት፣ «በዚህ ጫማ ነው ሜትሬን ስትረግጪልኝ የኖርሽው?»