ኩሬውን የሸፈነው ቄጤማ

ነገሩ የሆነው በ1985 ዓ.ም. ጳጉሜ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዛሬ አምላክ የሰጠኝ ልጄ ከመርካቶ ይዛ የገባችው የእርጥብ ቄጤማ ሽታ አስታወሰኝ።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቦሳ ኪቶ በሚባለው ሰፈራችን፣ እናቴ በጓሯችን ኩሬ ዳር ቄጤማ ተክላ፣ አረሙን እየነቀለች ታሳድግ ነበር። ለበዓል ግን ከገበያ ትገዛለች። እኔ ላስደስታት ብዬ የኩሬውን አጭጄ ቤቱን ጎዘጎዝኩት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከኛው ኩሬ፣ እማዬ።»

ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመችው። «ወንድምሽን ገለጥሽብኝ» አለች።

ወንድም እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ወደ ጓሮ ወስደውኝ፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ። ወንድምሽ ሳትወለጂ እዚህ ሰጠመ፤ እናትሽ ውሃው እንዳይታያት ነው የምትተክለው» አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ከረግረጉ ቄጤማ ከነሥሩ ነቅዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ባዶውን ዳር ተክዬ እስክጨርስ እናቴ ቀሚሴን ከኋላ ጨብጣ አልለቀቀችኝም።