ሞተር አይጾምም

«ሲሊንደሩ አልተበላም፤ ሞተሩ ይነሳል» አሉ መካኒኩ ዛሬ ረፋድ ላይ። አባባ ወፍጮውን ነቅሎ ለብረታ ብረት ሊሸጠው ቆርጦ ነበርና እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። እኔን ደግሞ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ፤ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ለማንም ያልነገርሁትን አሁን መጻፍ እችላለሁ።

ዳንግላ ያለውን ወፍጯችንን ሲያስነሳ የኖረው የአባባ ታላቅ ወንድም ነው። ከሲሊንደሩ ጎን ዘይት ጠብ ጠብ የምታደርግ ትንሽ ብርጭቆ አለች፤ እሷን መሙላት የእኔ ሥራ ነበር። አጎቴ ሊሞት ሲል ጠራኝና፣ እያሳለ፣ «ዘይት እንዳታሳጪው» አለኝ።

ከቀብሩ በኋላ የሞተሩን ዘይት ቆርቆሮ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አባባ ሐዘን ላይ ስለሆነ አልጠየቅሁትም። ዘይት ዘይት ነው ብዬ፣ እማማ ለጾም ወጥ ካስቀመጠችው የኑግ ዘይት በየጠዋቱ ቀዳሁለት።

ወር ሳይሞላ ሞተሩ ማሳል ጀመረ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ልክ እንደ አጎቴ። ዳጉሳ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ተያዩ።

«ሟቹ ናቸው» አለች አንዷ፣ አህያዋን መልሳ እየጫነች። «ወፍጯቸውን አለቀቁም።»

ከዚያ ወዲህ ሰው ቀረ። ተዝካሩ ወጣ፤ ሳሉ አልተወም። እኔ ግን ባሳለ ቁጥር ዘይት ጎድሎት ነው እያልሁ እጨምርለት ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ ከመሸጡ በፊት አንድ ጊዜ እንዲያዩት አባባ የጠራቸው መካኒክ ፒስተኑን ሲያወጡት፣ ፋሻ የሚሏቸው ቀለበቶቹ በቡናማ ሙጫ ተጣብቀው አይላወሱም። ሙጫውን በጥፍራቸው ፍቀው አሸተቱት።

«ወጥ ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አሉ።

እንባዬ እየቀደመኝ ነገርኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሞተር እኮ አይጾምም» አሉኝ። «የኑግ ዘይት ሲቃጠል ሙጫ ይሆናል። ፋሻው ሲጣበቅ እሳቱ በጎን ያመልጣል፤ ስትሰሙት የከረማችሁት ሳል እሱ ነው።» ከዚያ ሲሊንደሩን በጨርቅ ጠርገው፣ ዳብሰው፣ ያንን የምሥራች ተናገሩ።

አባባ፣ «ወንድሜ ራሱ መች ጾም ይወድ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ፣ ቀለበቶቹ በናፍጣ ታጥበው፣ መካኒኩ ይዘውት የመጡት ዘይት ተሞልቶ፣ ሞተሩ ተነሳ። አላሳለም። ድምፁን ሰምቶ የመጣው ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሲበተን፣ አባባ ብቻ ጆሮውን ወደ ሲሊንደሩ ጥሎ ቀረ። ያንን ሳል እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ እኔም ስጠብቅ ነበር።

እንግዲህ እህል ያላችሁ ኑ፤ ወፍጮው የሚያስፈራ ነገር የለበትም። አጎቴን ታውቁት የነበራችሁ ደግሞ ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ኑ። ሞተሩ ሲጠፋ፣ ብረቱ እየቀዘቀዘ ቋ ቋ ሲል አብረን እንሰማዋለን።